ልጅቷን ከማን ጋር ነው የምንለካት?

(ደብረ ብርሃን ላይ ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ወላጆችና ለስፖርት መምህራን ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

እንደምን አረፈዳችሁ። እናቶች ከፊት ስለተቀመጣችሁ ደስ ብሎኛል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ መምጣታችሁ ደግሞ ከሁሉም በላይ አስደስቶኛል። ልጅ ቢያለቅስ፣ ቢጮህ፣ ማንም እንዳይሳቀቅ። የመጣነው ለእነሱ ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ዋናተኛ ነው። ጃክሊን ፍሬኒ ትባላለች፤ አውስትራሊያዊት ናት። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1992 ብሪዝበን ከተማ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ የሚባል የአንጎል ጉዳት አለባት፤ በተለይ እግሮችን የሚይዘው ዓይነት። በ20 ዓመቷ፣ በ2012 የለንደን ፓራሊምፒክ (የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ)፣ 8 ውድድር ገብታ 8 ወርቅ ይዛ ወጣች። በዚያ ፓራሊምፒክ በየትኛውም ስፖርት ከእሷ በላይ ወርቅ የወሰደ ሰው አልነበረም። ከእሷ በፊት አንድ አውስትራሊያዊ በአንድ ፓራሊምፒክ ያገኘው ትልቁ የወርቅ ቁጥር 6 ነበር።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ ታናሽ እህቴ ናት።

እኔ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ። እናቴ እህቴን ስታምጥ ሁለት ቀን ፈጀባት። ቤት ውስጥ ነው የወለደቻት። ስትወለድ አላለቀሰችም። ውሃ ረጩባት፣ ጀርባዋን መቱት፣ ቆይታ ቆይታ ድምፅ አወጣች። በስድስት ወሯ አንገቷ አልጸናም። ዓመት ሞልቷትም አልተቀመጠችም። እናቴ ልብስ ስትቀይርላት እግሮቿ እንደ መቀስ ይጣመራሉ፤ እነሱን ማላቀቅ ትግል ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ተናገረ። አንዷ ቡዳ ነው አለች። አንዱ ልክፍት ነው አለ። እናቴን ፊት ለፊት «ምን በድለሽ ይሆን?» ያላትም አለ። እናቴ ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳችውም። እኔም አልረሳሁትም።

እዚህ ከተቀመጣችሁት እናቶች ይህን ያልተባለች ትኖራለች ብዬ አላስብም። ስለዚህ ቀስ ብዬ ልናገረው። ሴሬብራል ፓልሲ የአንጎል ጉዳት ነው። በማደግ ላይ ያለ አንጎል ማኅፀን ውስጥ፣ በምጥ ጊዜ ወይም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲጎዳ የሚመጣ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ሊያጋጥመው ይችላል። ምጥ ረዝሞ የታፈነ ልጅ ሊያጋጥመው ይችላል። ሕፃኑን ቢጫ የሚያደርገው የወፍ በሽታ ሲበረታና ሳይታከም ሲቀር ያመጣዋል። ማጅራት ገትር ያመጣዋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሐኪምም ምክንያቱን ለይቶ መናገር አይችልም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 2 ወይም 3ቱ ላይ ይታያል፤ ሀብታም አገርም ደሃ አገርም አለ። የማንም ኃጢአት አይደለም። እትዬ፣ የእርስዎም አይደለም።

የአንጎሉ ጉዳት በራሱ አይባባስም። የሚባባሰው ጡንቻው ነው። ያልተንቀሳቀሰ ጡንቻ እያጠረ፣ መገጣጠሚያው እየደረቀ ይሄዳል። አሥር ዓመት ሙሉ ጥግ ላይ የተኛ ልጅ መጀመሪያ ያልነበረበት ጉዳት ሁሉ ይጨመርበታል። አንድ ሌላ ነገርም አለ። ንግግሩ የተሳሰረ ልጅ ሁሉ አይገባውም ማለት አይደለም። የመማር ችግር ያለባቸው አሉ። ብዙዎቹ ግን የምትሉትን ሁሉ ይሰማሉ፤ ስለ እነሱ የምታወሩትንም።

እህቴ ሰባት ዓመት ሲሞላት እናቴ አዝላት፣ እኔ ደብተር ይዤ፣ ልናስመዘግባት ሄድን። የተሰጠን መልስ «ከእኩዮቿ እኩል መሄድ አትችልም» የሚል ነበር። ክፋት አልነበረበትም፤ በርኅራኄ ነው የተነገረን። ግን አንድ ዓመት ቤት አስቀመጣት። ያኔ ልጅ ስለነበርኩ ዝም አልኩ። ዛሬ ቢሆን «እኩዮቿ እነማን ናቸው?» ብዬ እጠይቅ ነበር።

የጃክሊን ስፖርት የቆመው በዚች ጥያቄ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በፓራሊምፒክ ዋና የአካል ጉዳት ያለባቸው ዋናተኞች ከ1 እስከ 10 በቁጥር ይመደባሉ። 1 ጉዳቱ በጣም የከበደበት ነው፣ 10 በጣም የቀለለበት። ከ11 እስከ 13 የማየት ችግር ላለባቸው ነው፤ 14 የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው። ጃክሊን 7 ናት። ቁጥሩን ማንም ከዓይን ግምት አይሰጥም። መጀመሪያ ዋናተኛዋ አልጋ ላይ ትመረመራለች። ጡንቻዋ ምን ያህል ይጎትታል? መገጣጠሚያዋ እስከ የት ይታጠፋል? እጅና እግሯ ይታዘዛሉ ወይ? ከዚያ ገንዳ ውስጥ ትገባለች። እንዴት ትንሳፈፋለች፣ እንዴት ትቀዝፋለች፣ እንዴት ትዞራለች ተብሎ ይታያል። በመጨረሻ ውድድር ላይም ይመለከቷታል።

የሚለካው የበሽታው ስም አይደለም፤ ውሃ ውስጥ ምን መሥራት ትችያለሽ ነው። ስለዚህ ሰባት ቁጥር ላይ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባት ልጅ፣ እግሯ የተቆረጠ ልጅ፣ ቁመቷ በጣም ያጠረ ልጅ ጎን ለጎን ሊዋኙ ይችላሉ። ሰው ሠራሽ እግር ገንዳ ውስጥ አይፈቀድም። ከመነሻው መድረክ ላይ ቆሞ መዝለል ያልቻለ ተቀምጦ ይነሳል፤ ያም ካቃተው ውሃ ውስጥ ሆኖ ይነሳል።

ይህ አመዳደብ ዋና ላይ በትልቅ ደረጃ የተጀመረው በ1992 ባርሴሎና ላይ ነው። ከዚያ በፊት የሚመደቡት በጉዳቱ ዓይነት ነበር። ከዚያም በፊት ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ጭራሽ አይገቡም ነበር። ፓራሊምፒክ የተጀመረው በ1960 ነው፤ እነሱ የተፈቀደላቸው ግን በ1980፣ ሆላንድ አርንሄም ላይ ነው። 20 ዓመት በር ላይ ቆመዋል። አመዳደቡ ዛሬም ክርክር አያጣውም። ቁጥሬ ተበላሸብኝ የሚል አለ፤ ሆን ብሎ አቅሙን የሚደብቅ አለ እየተባለም ይከሰሳል። እኔ ግን ጥያቄውን ወድጄዋለሁ። «አንቺ ምን ትችያለሽ? ያንን የሚችሉ ሌሎች እነማን ናቸው?» ይላል። ማንም ለእህቴ ይህን ጥያቄ ጠይቆላት አያውቅም።

አሁን በጣም የምወደውን ክፍል ልንገራችሁ። ዱላ ቅብብል አለ፤ አራት ዋናተኞች አንድ ቡድን ሆነው። የአራቱ ቁጥር ሲደመር ከ34 መብለጥ የለበትም። አሥር፣ አሥር፣ ሰባት፣ ሰባት፤ ሠላሳ አራት። ወይም አሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ሰባት፤ ይህም ሠላሳ አራት። አስቡት እስቲ። አሰልጣኙ አራት አሥር ቁጥሮችን ሰብስቦ መግባት አይችልም። ቁጥሯ ዝቅ ያለ ልጅ ካልመጣች ቡድኑ የለም። ጃክሊን ከ8ቱ ወርቅ 2ቱን ያገኘችው እንዲህ ባለ ቅብብል ነው፤ አንዱ በነፃ ቀዘፋ፣ አንዱ በድብልቅ። የቀሩትን 6 ለብቻዋ ነው ያሸነፈችው፤ 50፣ 100 እና 400 ሜትር ነፃ ቀዘፋ፣ 100 ሜትር ጀርባ፣ 50 ሜትር ቢራቢሮ፣ 200 ሜትር ድብልቅ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ወንፈል ስንገባ ሽማግሌውን ለምን እንደ ጎረምሳ አላጨድክም የሚለው የለም። ሰው ባለው አቅም ይገባል፤ ነዶ የሚሰበስብም፣ ውሃ የሚያቀብልም ሥራው ይቆጠርለታል። እርሻ ላይ የምናውቀውን ነገር ቤታችን ውስጥ ላለችው ልጅ ነው የነፈግናት።

ወደ ጃክሊን ልመለስ። አባቷ ማይክል የዋና አሰልጣኝ ነው። አያቷ ፒተርም አሰልጣኝ ነበር። ትልቅ ዕድል ነው፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። እኛ ገንዳ የለንም፣ አሰልጣኝ አባትም የለንም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በ2008 ቤጂንግ ላይ በ16 ዓመቷ ስትወዳደር 3 ነሐስ ነበር ያገኘችው። ወርቅ የለም። ከሦስቱ ነሐስ እስከ ስምንቱ ወርቅ አራት ዓመት አለ። ዋና ደግሞ ሰከንድ ተከፋፍሎ የሚቆጠርበት ስፖርት ነው። ስለዚህ በነዚያ ዓመታት አንድ ሰው ገንዳ ዳር ቆሞ ሰዓት ይዞ ነበር ማለት ነው። የዛሬዋን ጃክሊን ከትናንቷ ጃክሊን ጋር እያስተያየ። እኔ ስሟን ስሰማ የሚታየኝ ሜዳልያው ሳይሆን ያ ገንዳ ዳር የቆመ ሰው ነው። ከለንደን በኋላ በ2014 የዓመቱ ወጣት አውስትራሊያዊት ተብላ ተሸለመች። በዚያው ዓመት ደግሞ የአገሯን የክብር ኒሻን አገኘች።

«ለምን ዋና? ለምን ሩጫ አይሆንም? እኛ የሩጫ አገር ነን» ያለኝ ጓደኛ አለ። ሩጫም ይሆናል። ግን እግሩ የተጣመረ ልጅ መሬት ላይ ትልቁ ጠላቱ ክብደቱ ነው። ውሃ ደግሞ ክብደት ይቀበላል። እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው የክብደቱ ግማሽ ገደማ ይቀንስለታል። እስከ አንገቱ ከገባ አሥር እጁ ዘጠኙ ይሄዳል። ሞቅ ያለ ውሃ ሲሆን ደግሞ የተገተረ ጡንቻ ይላላል። ይህን እኔ ሳይንሱን ሳላውቅ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እናቴ ሮቢ ወንዝ ልብስ ስታጥብ እህቴን ዳር ላይ አቅፌ ውሃ ውስጥ አስቀምጣት ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐዩ ውሃውን አሙቆታል። አንድ ቀን እግሮቿ ተላቀቁ። ማንም ሳይጎትታቸው። እናቴ ልብሱን ጥላ ቆማ አየች። ወጥታ ስትደርቅ ተመልሰው ተጣመሩ። ግን አይተናል። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ልብስ በሳምንት ሁለቴ ማጠብ ጀመረች።

እዚህ ላይ ለደብረ ብርሃን እናቶች የማስጠነቅቀው ነገር አለ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። የበሬሳ ውሃ አጥንት ይበሳል። ቀዝቃዛ ውሃ የተገተረ ጡንቻን ይበልጥ ይገትረዋል። ስለዚህ እዚህ ልጅ ወንዝ ውስጥ አትንከሩ። ውሃ አሙቁና ትልቅ ሳፋ ወይም በርሜል ተጠቀሙ። ትንሽ ልጅ ሳፋ ውስጥም ይንሳፈፋል።

ጠበልንም አነሳለሁ፤ ካላነሳሁት የምታስቡትን ትቼ እንደማወራ ስለማውቅ። እናቴ እህቴን አዝላ ሸንኮራ ዮሐንስ ወርዳለች። ያን ጊዜ ያቆማት እምነቷ ነው። ጠበል አትሂዱ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። የምለው፣ በንጋት ብርድ ከተጠመቀ በኋላ ቶሎ አድርቁት፣ ሙቅ ልብስ አልብሱት፣ እግሩን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አላሉት። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱን አታቋርጡ። ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ።

ቆላ ላይ ላላችሁም አንድ ሁለት ነገር። በክረምት ወንዝ አትግቡ። ሮቢን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋ ላይ የዘነበው ደራሽ ይመጣል። የቆመ፣ ቀንድ አውጣ ያለበት ውሃ ውስጥም ቢልሃርዚያ አለ። እና ልጁን ለአንድ ደቂቃ እንኳ ብቻውን አትተዉት። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች ቀላል የማይባሉት የሚጥል በሽታም አለባቸው፤ ውሃ ውስጥ ከጣለው ድምፅ አያሰማም።

እንዴት ይጀመራል? ሃሊዊክ የሚባል ዘዴ አለ። በ1949 ለንደን ውስጥ ጄምስ ማክሚላን የሚባል ሰው ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ያዘጋጀው ነው። መንሳፈፊያ ላስቲክ አይጠቀምም። አንድ ልጅ፣ አንድ ሰው። የመጀመሪያው ትምህርት ዋና አይደለም፤ ትንፋሽ ነው። ልጁ አፉን ውሃ ላይ አድርጎ እፍ ይላል። ያ ሲለመድ ውሃ ሲነካው ትንፋሹን ማውጣት ይለምዳል፤ አይታነቅም። ከዚያ በጀርባው ይተኛል፣ እናንተ ከጀርባው ትደግፉታላችሁ። ከዚያ መገልበጥ። ከዚያ እጃችሁን ቀስ በቀስ መቀነስ። እኛ ይህን ሁሉ ሳናውቅ በድንግዝግዝ ነው የሠራነው። እህቴ በጀርባዋ ለብቻዋ መንሳፈፍ የቻለችው በሁለተኛው ዓመት ነው። እኔ ጮክ ብዬ እቆጥር ነበር። መጀመሪያ እስከ አራት። ቆይቶ እስከ ሃያ። ያኔ ነው መቁጠር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ። ከእኔ ጋር አላስተያየኋትም። ከባለፈው ሳምንቷ ጋር ነው ያስተያየኋት።

እኛ ሰሜን ሸዋዎች ለዚህ ታሪክ ባዳ አይደለንም። አበበ ቢቂላ የጃቶ ልጅ ነው። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ሲያሸንፍ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከስምንት ቀን በኋላ እዚያው ሮም ምን እንደተከፈተ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ነው። ወደ 400 የሚሆኑ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ስፖርተኞች መጡ፤ ዋናም ነበረበት። አበበ ያኔ በዚያ በር በኩል ይገባል ብሎ ያሰበ የለም። በ1969 ሸኖ አካባቢ መኪናው ተገለበጠችበት። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደ። ያ ሆስፒታል ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ሐኪም በ1948 ለ16 ታካሚዎች የቀስት ውድድር ያዘጋጀበት፣ የፓራሊምፒክ ሥር የተተከለበት ቦታ ነው። አበበም እዚያው ቀስት ይዞ ተወዳደረ። ከዚያ በኋላ ኖርዌይ ሄዶ ውሻ በሚጎትተው ተንሸራታች አሸነፈ። መራመድ ያቃተው አበበ «ከድሮው አበበ ጋር እኩል መሄድ አልችልም» ብሎ ቤት አልተቀመጠም።

ጃክሊን 8 ወርቅ በወሰደችበት በዚያው የለንደን ፓራሊምፒክ ወንድዬ ፍቅሬ በ1500 ሜትር ሩጫ ብር አገኘ። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የፓራሊምፒክ ሜዳልያ እሱ ነው። ቶኪዮ ላይ ደግሞ ትዕግስት ገዛኸኝ የመጀመሪያውን ወርቅ አመጣች። እስካሁን ሜዳልያችን ሁሉ ከሩጫ ነው። ዋና ላይ ገና ነን። የስፖርት መምህራን፣ ይህን ለእናንተ ነው የምናገረው። ክፍላችሁ ውስጥ ሰውነት ማጎልመሻ ሲደርስ «አንተ ቁጭ በል» የምትሉት ልጅ አለ። እኔም ብያለሁ፤ የማስተማር የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ፣ እህቴን እያወቅሁ። ያን ልጅ ዛሬም አስበዋለሁ። አሁን ሰዓት ይዤ ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር እጽፍለታለሁ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተደግፎ የሚሄድም የራሱ ሰዓት አለው።

ከጥያቄዎቹ አንዱ ተደጋግሞ የሚመጣብኝ ነው፤ ዛሬም አንዲት እናት ከመግባታችን በፊት ጆሮዬ ላይ ጠየቀችኝ። «ትዳር ይይዝ ይሆን?» አለችኝ። ስለ ሳሻ ኪንድሬድ ልንገራት። እንግሊዛዊ ዋናተኛ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ አንድ ጎኑን ይዞታል። ከ1996 እስከ 2016 ስድስት ፓራሊምፒክ ተወዳድሮ 13 ሜዳልያ አገኘ፣ 7ቱ ወርቅ። የመጨረሻውን ወርቅ ሪዮ ላይ ሲወስድ 38 ዓመቱ ነበር፤ የዓለም ክብረ ወሰንም ሰበረ። ሚስቱ ናይሪም ዋናተኛ ናት፣ እሷም ሴሬብራል ፓልሲ አለባት፣ እሷም የፓራሊምፒክ ወርቅ አላት። ልጅ ወልደዋል።

እህቴ አሁን ሸዋ ሮቢት ትንሽ ሱቅ አላት። በክራንች ትሄዳለች፤ ሩቅ ሲሆን በወንበር። ተወዳድራ አታውቅም። ባለፈው ፋሲካ ቤት ሄጄ የጃክሊንን የለንደን ውድድር በስልኬ አሳየኋት። እግሮቿ ከኋላ ዝም ብለው ሲከተሉ፣ ሥራውን ሁሉ ክንዷ ሲሠራ አየች። «እንደኔ ነው» አለች። ግድግዳውን ስትነካ፣ ሰው ሲጨበጭብ አየች። ከዚያ ስልኩን ተቀብላኝ ወደ ኋላ መለሰችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ።

«ምን ፈለግሽ?» አልኳት።

«ከውሃው እንዴት እንደምትወጣ ማየት ፈልጌ ነው» አለች። «ለኔ ከባዱ መውጫው ነበር፤ አንተ ነበርክ የምትጎትተኝ።»

ያገኘነው ቪዲዮ እዚያ ሳይደርስ ነው የሚቆረጠው። ሌላ እየፈለግሁላት ነው።